ያረጀ የስቱዲዮ ሞኒተር ስፒከርን በቤት ውስጥ የማደስ መመሪያ

አሮጌ የስቱዲዮ ሞኒተር (ሙዚቃ ሲቀዳና ሲመዛዘን የሚደመጥበት ስፒከር) ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የዉፈሩ ድምፅ ይቀደዳል፤ አውጥቼ ሌላ ልግጠምበት ወይ?» ይላሉ። አይግጠሙበት። የሣጥኑ ስፋትና በውስጡ ያለው ክሮስኦቨር (ድምፁን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ክፍል) የተሰሉት ለዚያው ዉፈር (ባሱን ለሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) ስለሆነ፣ በኢንች ልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ዉፈር ብሎኑ ቢገጥምም ድምፁ አይገጥምም፤ ባሱ ያለ ልክ ይወፍራል ወይም ይሳሳል፣ የዘፋኝ ድምፅ የሚያርፍበት መካከለኛው ክፍልም ይዛባል። ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ዉፈሩ ራሱ ሳይሆን በኮኑ (ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ በሚሰጠው ክፍል) ዙሪያ ያለው የጠርዝ ስፖንጅና በክሮስኦቨሩ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ናቸው። ሁለቱንም እዚሁ አዳማ፣ በቤትዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በቀላል መሣሪያ ማደስ ይችላሉ።

ይህ መመሪያ የሚያገለግለው በውስጣቸው አምፕሊፋየር ለሌላቸው ሞኒተሮች ነው። አምፕሊፋየር በውስጣቸው ያለባቸው ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ለኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይተዉአቸው።

ከሁሉ በፊት፦ የጠርዙን ዓይነት ይለዩ

የኮኑን ጠርዝ ከሣጥኑ ፊት ቆመው በብርሃን ይመልከቱት። ሦስት ዓይነት ጠርዝ አለ፤ ስፖንጅ፣ የተቀባ ጨርቅ ወይም ወረቀት፣ እና ጎማ። በ1980ዎቹ የተሠሩት ጄ ቢ ኤል 4410 እና 4412 ባለ ስፖንጅ ናቸው። ጄ ቢ ኤል 4311 እና ነጭ ኮን ያለው ያማሃ ኤን ኤስ 10 ኤም ግን ስፖንጅ የላቸውም፤ ጠርዛቸው ካልተቀደደ በስተቀር ሊነካ አይገባም። ስፖንጅ ያልነበረውን ዉፈር ስፖንጅ ማልበስ የኮኑን እንቅስቃሴ ስለሚለውጥ፣ ጤነኛ ስፒከር በገዛ እጅ ማበላሸት ይሆናል።

ያረጀ ስፖንጅ ጣት ሲነካው እንደ በሶ ይፈረፈራል፤ በጣት ላይ የሚቀረው ቡናማ ቅሪትም ያጣብቃል። ይህ የሚሆነው ስፒከሩ ብዙ ስለሠራ አይደለም። የአየር እርጥበትና ሙቀት ስፖንጁ የተሠራበትን ፖሊዩረቴን ቀስ በቀስ ስለሚበታትነው፣ ከካርቶን ወጥቶ የማያውቅ ስፒከር እንኳ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠርዙ ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ «ብዙም አልሠራበትም» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ የፊት ጨርቁን አንሥተው ጠርዙን ሳያዩ አይግዙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለሁለቱም ዉፈሮች የሚሆን ጥንድ የጠርዝ ስፖንጅ
- የአናጺ ነጭ ኮላ
- ከፋርማሲ የሚገኝ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል፣ ጥጥ፣ አዲስ ምላጭ
- አሮጌ የራጅ ፊልም እና ተራ የጽሕፈት ወረቀት
- ካፓሲተር ጭምር የሚለካ ዲጂታል መልቲ ሜትር
- ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ
- ካውያና የብየዳ ሽቦ
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ማስመሪያ
- ዝቅተኛ የባስ ድምፅ በኸርዝ ለይቶ የሚያወጣ መተግበሪያ የተጫነበት ስልክና አነስተኛ አምፕሊፋየር
- ለክሮስኦቨሩ ምትክ ካፓሲተሮች (ልካቸው የሚታወቀው ደረጃ 7 ላይ ነው)

የጠርዝ ስፖንጅ እዚህ ከተማ በልኩ አይገኝም ብለው ይነሡ፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ማስመጣት ይሻላል። «12 ኢንች» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ በዚያ ስም የሚጠሩ ዉፈሮች የኮናቸው ስፋት ይለያያል። አራት ልክ በሚሊ ሜትር ይላኩ፤ የኮኑን የውጭ ስፋት፣ ስፖንጁ የሚያርፍበትን የብረት ጠርዝ የውስጥና የውጭ ስፋት፣ እንዲሁም ጎበጥ ያለው ክፍል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ወርድ። የሞዴሉን ቁጥር አብረው ይጻፉ። አንዱ ብቻ ቢበላሽም ለሁለቱም ይዘዙ፤ አዲሱና አሮጌው ስፖንጅ ጥንካሬያቸው ስለማይመሳሰል፣ በግራና በቀኝ የሚሰማው ባስ እኩል አይሆንም። ሞኒተር ደግሞ ሥራው ሁለቱን ጎን ሳያዳላ ማሰማት ነው።

ማስጠንቀቂያ

የዉፈር ማግኔት ኃይለኛ ነው። በእጅዎ ያለውን ካቻቢቴ ድንገት ስቦ ኮኑን ሊበሳው ይችላል፤ ስለዚህ ብሎን ሲፈቱ አንዱ እጅዎ ካቻቢቴውን፣ ሌላው የካቻቢቴውን ጫፍ ይያዝ። ብረት በተሞረደበት ወይም በተቆረጠበት ጠረጴዛ ላይ አይሥሩ፤ የብረት ብናኝ ወደ ማግኔቱ ክፍተት ከገባ ማውጣቱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በአንዳንድ አሮጌ ሣጥኖች ውስጥ ያለው ቢጫ ሙሌት ፋይበርግላስ የሚባለው የመስታወት ክር ስለሆነ ጓንትና ማስክ ሳያደርጉ አይንኩት።

አዳማ ላይ አንድ ተጨማሪ ጠላት አለ፤ እርሱም አቧራ ነው። በከተማዋ ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የቆመው ነፋሱ በቂ ስለሆነ ነው፤ ያ ነፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አፈርም በተከፈተ መስኮት ይገባል። ዉፈሩ ክፍት የሚሆንባቸውን ደረጃዎች ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ፣ መስኮት ዘግተው፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ይሥሩ። ማለዳው ለኮላውም ይጠቅማል፤ በቀትር ሙቀት ኮላው ኮኑን አስተካክለው ሳይጨርሱ ፊቱ ይደርቅብዎታል።

አሠራሩ

1. ፎቶ ያንሡ፤ ሽቦዎቹን ምልክት ያድርጉባቸው። ዉፈሩን ፈትተው ሲያወጡ የትኛው ቀለም ሽቦ ከየትኛው ጫፍ እንደሚገናኝ በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉ። ይህን የምለው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በብዙ ሞኒተሮች ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ወይም መካከለኛው ስፒከር ሆን ተብሎ ተገልብጦ ይገናኛል፤ ክሮስኦቨሩ ድምፁን ሲከፍል የሚፈጥረውን መዘግየት ለማስተካከል የተደረገ ነው። «ስሕተት ነው» ብለው ቀዩን ከቀይ ቢያገናኙ ሁለቱ ስፒከሮች በሚገናኙበት ድምፅ ላይ ጉድጓድ ይፈጠራል። አሮጌዎቹ የጄ ቢ ኤል ስፒከሮች ደግሞ ከተለመደው በተቃራኒ ናቸው፤ ፖዘቲቭ ከቀዩ ጫፍ ሲገናኝ ኮኑ ወደ ውስጥ ይገባል። እንደነበረ ይመልሱት።

2. ኮይሉን (በኮኑ ሥር ያለውን የሽቦ ጥቅል) ይለኩ። ሽቦው ከተለያየ በኋላ መልቲ ሜትሩን ኦም ላይ አድርገው የዉፈሩን ሁለት ጫፎች ይንኩ። 8 ኦም የሚል ስፒከር ከ5.5 እስከ 7 ኦም አካባቢ፣ 4 ኦም የሚለው ከ3 እስከ 3.8 አካባቢ ማሳየት አለበት። ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ከኮኑ ወደ ጫፎቹ የሚሄደው የተጎነጎነ ለስላሳ ሽቦ ተበጥሷል። ይህን ሽቦ በጣት ቀስ ብለው እያንቀሳቀሱ ደግመው ይለኩ፤ ንባቡ ብቅ ጥልቅ ካለ የተበጠሰው ሽቦው ነውና ይበየዳል። ኮይሉ ከተቃጠለ ግን ስፖንጅ መቀየር ጊዜ ማባከን ስለሆነ እዚህ ላይ ይቁሙ። ትዊተሩንም በዚሁ መንገድ ይለኩ።

የባትሪ ድንጋዩን ለቅጽበት ብቻ ከዉፈሩ ጫፎች ጋር አነካክተው ኮኑ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ መሄዱን ይመዝግቡ። ትዊተር ላይ ይህን አይሞክሩ።

3. አሮጌውን ስፖንጅ ያጽዱ። ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው፤ መቸኮል የለበትም። በብረቱ ጠርዝ ላይ ያለውን ቀለበት በምላጭ ጥግ ቀስ ብለው ያንሡት፤ የካርቶን ቀለበት ከሆነ ተመልሶ ስለሚለጠፍ አይቅደዱት። የቀረውን ስፖንጅና ሙጫ በአልኮል በራሰ ጥጥ እያለሰለሱ ይፋቁ። ብረቱ ላይ መጠንከር ይቻላል። ኮኑ ላይ ግን ጥጡ ከመራስ ያለፈ፣ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም፤ የወረቀት ኮን ከራሰ ይለሰልሳል፣ ቅርጹንም ያጣል። ከኮኑ በታች በጣትዎ ደግፈው፣ ምላጩን ሳይሆን ጥፍርዎን ወይም የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ተጠቅመው ከመሃል ወደ ዳር ብቻ ይፋቁ። ትንሽ የሙጫ ቅሪት ቢቀር ግድ የለም፤ የሚያጣብቅ የስፖንጅ ቅሪት ግን ጨርሶ መቅረት የለበትም፤ አዲሱ ኮላ በዚያ ላይ አይይዝም።

አሴቶንና የቀለም ቲነር አይጠቀሙ። የፕላስቲክ ኮን ሊጎዱ ይችላሉ፣ የወረቀቱንም ቀለም ያነሣሉ፤ ኮይሉን ከኮኑ ያያዘውን ሙጫ ሊፈቱትም ይችላሉ።

በመጨረሻ ዉፈሩን ወደ ታች ደፍተው ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። በአፍ አይንፉበት፤ ፍርፋሪውን ወደ ኮይሉ ክፍተት ይገፋዋል።

4. ኮኑን መሃል ላይ ያቁሙ። የሥራው ፍጻሜ የሚወሰነው እዚህ ነው። በኮኑ ሥር ያለው ኮይል በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ይንቀሳቀሳል፤ በግራም በቀኝም ያለው ነፃ ቦታ ከሚሊ ሜትር ክፋይ አይበልጥም። ስፖንጁ ኮኑን በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ስቦ ከደረቀ ኮይሉ ብረቱን ይፈትጋል፣ ድምፁ ይቀደዳል፣ ሽቦውም ቀስ በቀስ ተልጦ ይቃጠላል።

በመሃሉ ያለውን የአቧራ ክዳን ዙሪያውን በምላጭ ቆርጠው ያንሡት፤ ለመመለስ እንዲመች ከዙሪያው ትንሽ ሳይቆረጥ ቀርቶ እንደ መዝጊያ ቢታጠፍ ይሻላል። ከውስጥ የብረቱን ምሰሶና በዙሪያው የኮይሉን ቱቦ ያያሉ። የራጅ ፊልሙን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ባላቸው ቁራጮች ቆርጠው በምሰሶውና በቱቦው መካከል በአራት አቅጣጫ ያስገቡ። የራጅ ፊልም ውፍረት 0.18 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ካልገባ ወደ 0.1 የሚጠጋውን የጽሕፈት ወረቀት ይጠቀሙ፤ ከላላ ፊልሙንና ወረቀቱን ይደርቡ። ቁራጩ ሲገባ ጣትዎ ትንሽ መያዝ ሊሰማው ይገባል፤ በኃይል የሚገባ ከሆነ ግን ቱቦውን ስለሚያጎብጠው ያውጡት። አራቱም እኩል ውፍረት ይኑራቸው።

ክዳኑ የብረት ከሆነ ወይም ሊነሣ የማይችል ከሆነ ሌላ መንገድ አለ፤ ደረጃ 5 ላይ ተጽፏል።

5. ስፖንጁን ይለጥፉ፤ መጀመሪያ ኮኑን፣ ቀጥሎ ብረቱን። በመጀመሪያ ያለ ኮላ አስቀምጠው ልኩን ይሞክሩ። አሮጌው ስፖንጅ ከኮኑ ፊት ከነበረ አዲሱም ከፊት፣ ከጀርባ ከነበረ ከጀርባ ይሁን፤ ቦታው ከተለወጠ ኮይሉ በማግኔቱ ውስጥ የሚያርፍበት ጥልቀት ይለወጣል። ነጩን ኮላ በብሩሽ ስስ አድርገው በኮኑ ዳር ይቀቡ፤ ስፖንጁን አስቀምጠው ዙሪያውን በጣት ጫፍ ለ10 ደቂቃ ያህል እየዞሩ ይጫኑ። ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተዉት። ከዚያ የውጭውን ዳር በብረቱ ላይ በዚሁ መንገድ ይለጥፉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከለጠፉ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይንሸራተታል።

የራጅ ፊልም ያላስገቡ ከሆነ፣ የብረቱ ኮላ ገና እርጥብ ሳለ ዉፈሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኝተው 30 ኸርዝ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርገው ይልቀቁበት፤ ኮኑ በዓይን የሚታይ ጥቂት እንቅስቃሴ ካደረገ ይበቃል። የመፋተግ ድምፅ ከሰሙ ስፖንጁን በብረቱ ላይ በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን እየገፉ ድምፁ የሚጠፋበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሲያገኙት ይጫኑት።

ስለ ማጣበቂያው አጥብቄ የምናገረው አለ። ጫማ ሰፊውና አናጺው የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሰው እርሱን ይመርጣል። ማስቲሽ ግን ገና ሲነካ ስለሚይዝ ኮኑን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም፣ በውስጡ ያለው ቲነርም ስፖንጁን ይጎዳል። ሱፐር ግሉ ደግሞ ደርቆ ስለሚጠነክር ስፖንጁ መታጠፍ ከሚገባው ቦታ ይሰነጠቃል። ነጭ ኮላ ለወረቀት ኮን ተስማሚ ነው። ፕላስቲክ ኮን ላይ ግን አይይዝም፤ ለዚያ ለስፒከር ተብሎ የተሠራውን ማጣበቂያ ከስፖንጁ ጋር አብረው ያስመጡ።

6. 24 ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ ይፈትኑ። ዉፈሩን ፀሐይ ላይ አያድርቁት፤ ፀሐይ ስፖንጁን ያስረጀዋል። ሲደርቅ ፊልሞቹን በፒንሳ አውጥተው፣ የሁለቱን እጆች ጣቶች ከኮኑ ተቃራኒ ጎኖች ላይ አሳርፈው ኮኑን እኩል ወደ ታች ይጫኑ፤ ጆሮዎን አስጠግተው ያድምጡ። ከአየር እስትንፋስ በቀር ምንም መሰማት የለበትም። ደረቅ የመፋቅ ድምፅ ካለ የውጭውን ዳር ብቻ በአልኮል አለስልሰው አንሥተው ደረጃ 4ን ይድገሙ። ንጹሕ ከሆነ የአቧራ ክዳኑን በስስ ኮላ ይመልሱ።

7. ክሮስኦቨሩን ያድሱ። በአሮጌ ክሮስኦቨር ላይ የሚያረጁት በዋናነት ፖላሪቲ የሌላቸው (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ እግር ያልተለየላቸው) ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ናቸው፤ በላያቸው ቢ ፒ ወይም ኤን ፒ የሚሉ ፊደላት ይገኛሉ። ሲደርቁ ልካቸው ይለወጣል፣ ትዊተሩም ይደክማል ወይም ይጮሃል። አንዱን እግር በካውያ ነቅለው ይለኩ፤ ሳይነቀል ቢለካ ከጎኑ ያሉት ክፍሎች ንባቡን ያዛቡታል። ከተጻፈበት ልክ ከ10 በመቶ በላይ የራቀውን ይቀይሩ። ምትኩ በማይክሮፋራድ ተመሳሳይ፣ በቮልት እኩል ወይም የበለጠ ይሁን። በክሮስኦቨሩ ላይ ያሉትን ሽቦ የተጠቀለለባቸውን ኮይሎች ከቦታቸው አያንቀሳቅሱ፣ አያዙሩም፤ ርስ በርስ እንዳይረባበሹ ታስቦ ነው እንዲያ የተቀመጡት።

ከሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ የሚገኘው በአብዛኛው ባለ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ካፓሲተር ነው። ይህን ብቻውን በክሮስኦቨር ውስጥ አያስገቡ፤ የሙዚቃ ኤሌክትሪክ አቅጣጫው ስለሚለዋወጥ ካፓሲተሩ ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ካልቻሉ፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለቱን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አገናኝተው ይበይዱ፤ ሁለቱ ፖዘቲቭ እግሮች የአዲሱ ካፓሲተር ጫፎች ይሆናሉ፤ ልኩም ግማሽ ይሆናል። ሁለት ባለ 20 ማይክሮፋራድ አንድ ባለ 10 ይሰጣሉ ማለት ነው። ይህ ለዉፈሩ ክፍል ያገለግላል። ለትዊተሩ ግን የፊልም ካፓሲተር (በውስጡ ስስ ፕላስቲክ ያለውን) ፈልገው ይግጠሙ፤ አያረጅም ማለት ይቻላል፣ ልኩም ይጸናል።

በሣጥኑ ፊት የትዊተሩን ድምፅ የሚቀንስና የሚጨምር ማዞሪያ ካለና ሲዞር ከተንኮሻኮሸ፣ የኤሌክትሪክ ንክኪ ማጽጃ ነፍተው ከዳር እስከ ዳር ደጋግመው ያዙሩት።

8. ሣጥኑን ይፈትሹ። ቺፑድ ላይ የላላ የብሎን ቀዳዳ ስቴኪኒ በኮላ ነክረው በመሙላት፣ ሲደርቅ በመቁረጥ ይጠገናል። ዉፈሩ ከሣጥኑ ጋር የሚገናኝበት ስስ ስፖንጅ ካለቀ በር ላይ በሚለጠፈው የአየር መከላከያ ስፖንጅ ይተኩት። በውስጡ ያለውን ሙሌት አይጨምሩ፣ አይቀንሱም።

9. ገጥመው ያስሙት። ስፒከሩን ከማገናኘትዎ በፊት አምፕሊፋየሩን ራሱን ይለኩ፤ ሙዚቃ ሳይኖር በስፒከር መውጫው ላይ የሚታየው ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ቮልት ከ50 ሚሊ ቮልት በታች መሆን አለበት። ከ100 በላይ ከሆነ ያደሱትን ኮይል ስለሚያሞቀው መጀመሪያ ይጠገን። አምፕሊፋየሩ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣ ከሆነ 120 ወይም 100 ቮልት ሊሆን ይችላልና፣ የእኛ መብራት 220 መሆኑን አይርሱ።

ሣጥኑ ቀዳዳ የሌለው ዝግ ከሆነ ኮኑን ቀስ ብለው ተጭነው ይልቀቁት፤ ዘግይቶ ከተመለሰ አየር አይወጣም፤ ቶሎ ተፈናጥሮ ከተመለሰ አንድ ቦታ ያፈሳል። ቀጥሎ ሁለቱን ሞኒተሮች ፊት ለፊት አቀራርበው ባስ ያለበትን ሙዚቃ በሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ድምፅ) ያጫውቱ። ባሱ ከጠፋ ከሁለቱ የአንዱ ሽቦ ተገልብጧል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ስፖንጁ ሳይቀየር ስፒከሩን ማጫወት የመጀመሪያው ነው። ጠርዙ የተበጣጠሰ ዉፈር «ዝቅ አድርጌ ነው የማዳምጠው» ቢባልም ኮኑን መሃል ላይ የሚይዝለት ስለሌለ ኮይሉ በእያንዳንዱ ምት ይፈተጋል፤ በጥቂት ብር የሚታደሰው ነገር ወደማይታደስ ይሸጋገራል።

ስፖንጁ እንዲቆይ በማሰብ ዘይት፣ ቫዝሊን ወይም የጎማ ማለስለሻ መቀባትም የተለመደ ነው። ስፖንጁን ያከብደዋል፣ የኮላውንም መያዣ ይፈታል።

ትዊተር ሲቃጠል በኢንች ልክ ብቻ ተመሳሳዩን መግጠም ደግሞ ለዉፈር የተባለው ሁሉ የሚመለከተው ነው። የድምፅ ብርታቱና ኦሙ ካልተመሳሰለ ከዉፈሩ ጋር አይናበብም። የዚያኑ ሞዴል ትዊተር እስኪያገኙ ድረስ ሞኒተሩን ለድምፅ ማመዛዘን ሥራ አይጠቀሙበት።

የመጨረሻው ከመብራት ጋር የተያያዘ ነው። መብራት ሲጠፋ አምፕሊፋየሩን ወዲያው ያጥፉት፤ መብራቱ ተመልሶ ከቆየ በኋላም የድምፅ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ አድርገው ብቻ ያብሩት። መብራቱ ሲመጣ የሚሰማው «ዱም» የሚል ድምፅ ዉፈሩን ከልኩ በላይ ይገፋዋል፤ ትዊተርን ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊያቃጥል ይችላል።